ለውስጥ ሰርቨር ሰርተፍኬት ማን ይፈርም?

ጥያቄ፦ ደንበኞች የሚገቡበት ድረ ገጽና ሠራተኞች ብቻ የሚጠቀሙበት የውስጥ ሰርቨር አለን። በውስጡ ሰርቨር ላይ ራሴ የፈረምኩትን ሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት ለብራውዘር የሚያሳይ ዲጂታል መታወቂያ) ጭኛለሁ፤ ብራውዘሩ ባስጠነቀቀ ቁጥር ሠራተኞቹ አልፈው እንዲገቡ ነግሬያቸዋለሁ። ወጪ ለመቆጠብ ለድረ ገጹም እንዲሁ ላድርግ ወይስ ለሁለቱም ልግዛ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ለሠራተኞቹ የሰጡትን መመሪያ ዛሬውኑ ይሻሩ። በራስ የተፈረመ ሰርተፍኬት በምስጠራ ጥንካሬ ከተገዛው አያንስም፤ የሚጎድለው ምስክር ነው። በመካከል የገባ አጥቂ የሰርቨርዎን ስም ጽፎ በራሱ የመፈረሚያ ቁልፍ ቢፈርም ብራውዘሩ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ያው ነው። ማለፍን የለመደ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ለማን እያስረከበ እንደሆነ በምን ይለያል?

ለድረ ገጹ ብራውዘሮች የሚያምኑት ሰጪ (ሰርተፍኬት የሚፈርም ድርጅት) የፈረመበት ሰርተፍኬት ግድ ነው፤ መክፈል ግን ግድ አይደለም። ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ሰጪ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ይሰጣል፤ እድሳቱንም ሶፍትዌር ያከናውነዋል። ውል ወይም ደንብ የድርጅትዎ ሕጋዊ ስም በሰርተፍኬቱ ላይ እንዲሰፍር ካስገደደ፣ ወይም ችግር ሲገጥም የሚረዳዎት ባለሙያ ከፈለጉ ይግዙ። «የድርጅትዎ ስም ከአድራሻው ጎን ይታያል» ብሎ ውዱን የሚሸጥልዎትን ግን አይስሙ፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ያንን ምልክት በ2019 አንስተውታል።

የውስጡ ሰርቨር ስም በራስዎ ዶሜይን (ባስመዘገቡት የኢንተርኔት ስም) ሥር ከሆነ ነጻውን ሰርተፍኬት ለእሱም ማውጣት ይቻላል። የዶሜይኑ ባለቤትነት በዲ ኤን ኤስ (ስሞችን ከአድራሻቸው ጋር በሚያገናኘው ሥርዓት) መዝገብ ስለሚረጋገጥ ሰርቨሩን ለኢንተርኔት መክፈት አያስፈልግም፤ ስሙ ግን ማንም በሚያነበው የሰርተፍኬት መዝገብ ላይ ይወጣል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ስሙ በ«ዶት ሎካል» የሚያልቅ ከሆነ ወይም የውስጥ አይፒ ቁጥር ብቻ ካለው ግን የትኛውም ሕዝባዊ ሰጪ አይፈርምልዎትም።

ያን ጊዜ የራስዎን ሰጪ ያቋቁሙ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው ሶፍትዌር አንድ ሩት ሰርተፍኬት (ሌሎቹ ሁሉ የሚፈረሙበትን ዋና ሰርተፍኬት) ይፍጠሩ፤ የእያንዳንዱን ሰርቨር ሰርተፍኬት በእሱ ይፈርሙ፤ ሩቱን በሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ላይ እንደ ታማኝ ይጫኑ። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ዳግም ብቅ ያለ ቀን እውነተኛ ምልክት ነውና ሠራተኞቹ ቆም ብለው ይደውሉልዎት። የሰርቨሩን ስም «ሰብጀክት አልተርኔቲቭ ኔም» በሚባለው መስክ መጻፍ አይርሱ፤ ክሮም ከ2017 ወዲህ «ኮመን ኔም» በተባለው የቀድሞ መስክ ብቻ የተጻፈውን አይቀበልም።

የሩቱ የመፈረሚያ ቁልፍ ደኅንነት ግን በእጅጉ ያሳስበኛል። እሱን የሰረቀ ሰው በባንክ ስም ሳይቀር ሰርተፍኬት ቢፈርም የሠራተኞችዎ ኮምፒውተሮች አምነው ይቀበሉታል። ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድስ ሰጪ በ2011 ሥርዓቱ በአጥቂዎች ተሰብሮ በጉግል ስም ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ወጣበት፤ ብራውዘሮች እምነታቸውን ነፈጉት፤ በዚያው ዓመት ከሠረ። ስለዚህ ቁልፉን በይለፍ ቃል መስጥረው ከኔትወርክ በተነጠለ መሣሪያ ላይ ያስቀምጡ። ሩቱን ሲፈጥሩም ከእናንተ የውስጥ ስሞች ውጪ እንዳይፈርም «ኔም ኮንስትሬይንትስ» በሚባለው ገደብ ይወስኑት፤ ገደቡ በኋላ ሊጨመር የሚችለው ሩቱን እንደገና ፈጥሮ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ በመጫን ብቻ ነው።