ይሉኝታ በሥራ ገበታ፦ ከቤት ስለመሥራት ጥያቄና መልስ

ዛሬ የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ወይም ስለ ወንበር አይደሉም። ሁሉም «ሰው ምን ይለኛል» ወደሚለው ያደርሳሉ።

መመሪያችን በሳምንት 2 ቀን ከቤት መሥራትን ይፈቅዳል፤ ከቡድኑ ግን የሚጠቀምበት የለም። መመሪያውን እንደገና ብናሰራጨውስ?

ለውጥ አያመጣም። ሠራተኛ ከመመሪያው በፊት የአለቃውን ወንበር ያያል። አለቃው አንድም ቀን ካልቀረ ፈቃዱ ለይስሙላ እንደሆነ ይገባዋል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ፦ እያንዳንዱ ከቤት መሥራት ይፈልጋል፣ ባልደረቦቹ የማይፈልጉ ስለሚመስለው ግን ዝም ይላል። የእሱ ዝምታ ደግሞ ለጎረቤቱ ማስረጃ ይሆናል።

ስም የማይጻፍበት፣ 2 ጥያቄ ብቻ ያለው ቅጽ ይበትኑ፦ «በሳምንት ስንት ቀን ከቤት መሥራት ይፈልጋሉ?» እና «ባልደረቦችዎስ ስንት ቀን የሚፈልጉ ይመስልዎታል?» የሁለቱን አማካይ ጎን ለጎን አድርገው ለቡድኑ ያሳዩ። ሁለተኛው ቁጥር ካነሰ የያዛቸው ይሉኝታ ነው። ሁለቱም ዝቅ ብለው እኩል ከሆኑ ሰዉ ቢሮውን ወዶታልና ይተዉት። ቡድኑ ከ5 ሰው በታች ከሆነ ግን አይሞክሩት፤ መልሱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቀጥሎ የቡድን መሪው ራሱ ለ1 ወር ቀኑን ይጠቀም፣ በጋራ ካላንደሩ ላይም «ከቤት» ብሎ ብቻ ይጻፍ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ልጄን አሞት»፣ «ቧንቧ ሠሪ ይመጣል» እያለ ምክንያት ከደረደረ፣ ከቤት ለመሥራት ሰበብ ያስፈልጋል ብሎ አስተማረ ማለት ነው።

እኔ ቢሮ መሥራት እወዳለሁ። ሰዉ ግን አንድ በአንድ ወደ ቤት ገብቶ አለቀ፤ እኔም ልተወው ነው።

ሮክማንና ፕራት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የገለጹት ይህንኑ ነው፦ ከቤት መሥራት ይጋባል፤ ቢሮ የሚመጣው ለሰው ሲል የነበረ፣ ሰው ሲያጣ እሱም ይቀራል።

ሒሳቡን ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው መንገድ ማየት ይቻላል። 10 ሰው ያለበት ቡድን ያስቡ። አንዱ ማንም ባይቀርም ከቢሮ ይቀራል፣ ሌላው 1 ሰው ከቀረ ይቀራል፣ ሌላው 2 ከቀሩ፤ እንዲህ እያለ ቢሮው ባዶ ይሆናል። «1 ሰው ከቀረ» ባዩ «2 ካልቀሩ አልቀርም» ቢል ኖሮ ግን የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ በሆነ ነበር። የ1 ሰው ሐሳብ የ9ኙን ቀን ይወስናል።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት 2 የቢሮ ቀን ይቆረጥ። «2 ቀን ኑ፣ ቀኑን ራሳችሁ ምረጡ» የሚለው ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን በ5 የሥራ ቀን ሁለት ሰዎች እንዳመጣላቸው ቢመርጡ ከ10 ሳምንት በ3ቱ ያህል ጨርሶ አይገናኙም። በጋራው ቀን አዲስ ሠራተኛ ማለማመድ፣ ሥራ አብሮ መገምገም ይያዝ። መጥቶ ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የቪዲዮ ስብሰባ ለሚሰማ ሰው ትራንስፖርቱ ኪሳራ ነው።

ከቤት ብሠራ እድገት ያመልጠኛል?

እንደ ቀኑ ብዛት ነው። ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት ፈቃደኛ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞቹን በልደት ቀናቸው ጥንድና ጎዶሎነት ለይቶ ግማሾቹን ለ9 ወር በሳምንት 4 ቀን ከቤት አሠራ። አፈጻጸማቸው በ13 በመቶ ጨመረ፣ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ፤ እኩል ከሠሩ የቢሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ግን ያገኙት እድገት አነሰ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ሌላ ሙከራ 1,612 ሠራተኞችን ወስዶ ከቤት የሚሠራውን 2 ቀን ብቻ አደረገ። በ2 ዓመት ውስጥ በእድገት ልዩነት አልታየም፣ መልቀቂያም በሲሶ ቀነሰ።

ከ2 ቀን በላይ ከሆነብዎ ዓርብ ከሰዓት 3 መስመር ለአለቃዎ ይጻፉ፦ ያለቀው፣ የተንጠለጠለው፣ ከእርሱ የሚጠበቀው ውሳኔ። የሠሩትን ሰዓት አይቁጠሩ፤ ያልተጠየቀ የሰዓት ሪፖርት ጥርጣሬ ይጋብዛል።

በቻት ላይ መኖሬን የምታሳየው አረንጓዴዋ ነጥብ እንዳትጠፋ ምሳ እንኳ ተረጋግቼ አልበላም።

ነጥቧን ማየት ጀማሪው ብዙውን ጊዜ አለቃ ነው። ቡድኑ የመልስ ጊዜ ይወስን፦ ቻት በ4 ሰዓት ውስጥ፣ አስቸኳይ ከሆነ ስልክ። ማታ የጻፉትን ለጠዋት ቀጥረው ይላኩ፤ ማታ የደረሰ አንድ መልእክት ሌሎቹንም ማታ መላሽ ያደርጋል።

ቤተሰቤ ቤት ካየኝ ሥራ የለኝም ብሎ ይልከኛል።

«ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚታይ ምልክት ያስፈልጋል። የተዘጋ በር «አትግቡ»፣ ገርበብ ያለ «አንኳኩ» ይሁን፤ የሚላኩባትን አንዲት ሰዓት ደግሞ ራስዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። በር ከሌለ የጆሮ ማዳመጫው ምልክት ይሁን፤ ሥራ ሲያበቃ ግን ያውልቁት፣ አለበለዚያ በሳምንቱ ማንም አያምነውም።