የሰገራ ዲኤንኤ ምርመራዬ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ልድገመው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሐኪሜ ቤት ድረስ በፖስታ የሚመጣውን የኮሎጋርድ ምርመራ አዘዘልኝ። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ። የዲኤንኤ ምርመራ ነው ሲሉኝ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። በዘር የመጣ ነው ማለት ነው? ልጆቼስ? ምርመራውን ብደግመውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይድገሙት። አሁን የሚያስፈልግዎ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ ማየት ነው፤ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያስይዙ። ሁለተኛው ናሙና ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያውን አይሽረውም።

ድንጋጤዎ ይገባኛል። ግን ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ወደ 10,000 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ምርመራው የአንጀት ካንሰር ካለባቸው 92 በመቶውን አግኝቷል። ካንሰርም አሳሳቢ ፖሊፕም (አንጀት ውስጥ የሚበቅል፣ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እብጠት) ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ግን 13 በመቶ ያህሉ ፖዘቲቭ ተብለዋል። ፖሊፕ ከተገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው በኮሎኖስኮፒው ተቆርጦ ይወጣል። ካንሰር ሳይሆን ተቀደመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘሩ ጉዳይ። «ገና» የሚለውን ቃል ያስቡ። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። በሴሎቻችን ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ። የዲኤንኤው ፊደል ሳይነካ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፍበታል። ዕጢ እንዳያድግ የሚከላከል ጂን ላይ ብዙ ሲለጠፍ ጂኑ ዝም ይላል። በ2014 የተፈቀደው ኮሎጋርድ ይህን ምልክት ኤንዲአርጂ4 እና ቢኤምፒ3 በተባሉ ጂኖች ላይ ይፈልጋል፤ ኬራስ የተባለውን ጂን ለውጥና በዓይን የማይታይ ደምንም ጨምሮ። እነዚህ የሚፈለጉት ለውጦች በዕድሜ ዘመን አንጀት ውስጥ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ከእናት ከአባት የተወረሱ አይደሉም። ለልጆችዎም አይተላለፉም።

ያም ሆኖ ቤተሰብዎን ይጠይቁ። እኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ አይጠራም፤ «በሆድ ሕመም አረፈ» ይባልና ያልፋል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት የአንጀት ካንሰር ከነበረበት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ከመጀመሪያውም የሚመከረው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው።

የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። የሚያስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥዎም ወደ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ያዘጋጁ።