«ፋይሉ የለም» ሲላችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ቡና እየጠጣን ኮድ ስንነካካ የተነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም ቢልድ ሲደረግ (ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየር) ስለሚታጣ የኮንፊግ፣ ማለትም የቅንብር፣ ፋይል ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ የመጣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ከጊት (የኮድ ለውጦችን ከሚመዘግበው መሣሪያ) ያወረድኩትን ፕሮጀክት በ«ሜክ» ትእዛዝ ቢልድ ላድርገው ስል ሜክፋይል፣ ማለትም ሜክ የሚከተለው የመመሪያ ፋይል፣ የለም ይለኛል። የፕሮጀክቱ መመሪያ መጀመሪያ «ኮንፊገር» የሚባለውን ስክሪፕት ራን አድርግ (አስኪድ) ይላል፤ እሱም የለም። አወራረዴ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አወራረድህ ደህና ነው። ጊት ላይ የሚቀመጠው ዱቄቱ ነው፤ እንጀራውን ራስህ ትጋግራለህ። ሰው በእጁ የጻፈው «ኮንፊገር ነጥብ ኤሲ» የሚባለውን ነው። ኮንፊገር ከእሱ ይወጣል፤ ሜክፋይሉን ደግሞ ኮንፊገር ይሠራዋል። ስለዚህ እነዚህን የሚሠሩልህን መሣሪያዎች፣ አውቶኮንፍን፣ አውቶሜክንና ሊብቱልን፣ ጫን። ከዚያ «አውቶሪኮንፍ» የሚለውን ትእዛዝ ሰረዝ አይ (-i) ጨምረህ ራን አድርግ፤ ቀጥሎ ኮንፊገር፣ ቀጥሎ ሜክ። መመሪያው ያምታታህ ለተጠቃሚ ተጠቅልሎ ለሚወጣው የሪሊዝ ፋይል ስለተጻፈ ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ኮንፊገር ተጋግሮ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ባዶ ፋይል ብፈጥርለትስ? አንዴ ሠርቶልኛል።

መልስ፦ እኔንም ሠርቶልኝ ነበር፤ ከዚያ ጉድ ሠራኝ። የዳታቤዙ አድራሻ ያለበት ፋይል ጠፋ፣ ባዶውን አስቀመጥኩ፣ ቢልዱ አለፈ። ፕሮግራሙ ግን አድራሻ ሲያጣ ዝም ብሎ የራሴን ላፕቶፕ ዳታቤዝ ያነብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስወቅስ ከረምኩ። ፋይሉ ባይኖርም ችግር የለውም ካልክ፣ ሜክፋይሉ ላይ ሌላ ፋይል ከሚያስገባው «ኢንክሉድ» ከሚለው ቃል ፊት ሰረዝ አድርግ፤ ሲያጣው አልፎት ይሄዳል። ፋይሉ የግድ ከሆነ ግን ቢልዱ ገና ሲጀምር ይቁም። የፋይሉን ስምና ከየት እንደሚገኝም ይናገር።

ጥያቄ፦ እኔ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋይሉ የለም ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስሙን እዪ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ግድ የለውም። (የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለው፤ ዓይናችን ቶሎ አይዘውም።) ስሙ ልክ ከሆነ ጊትኢግኖር (ጊት የትኞቹን ፋይሎች እንዲተው የሚነግረው ዝርዝር) ፋይሉን ደብቆት እንደሆነ ፈትሺ። «ጊት ቼክ ኢግኖር» የሚለው ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ቪ (-v) ጨምረሽ የፋይሉን ስም ስጪው፤ የደበቀውን መስመር ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ የፕሮግራሙን የይለፍ ቃልና ቅንብር የያዘውን ዶት ኢኤንቪ ፋይሌንስ? ጓደኞቼ ሲያወርዱት ስለሌለ ጊት ላይ ልጫነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! የይለፍ ቃል አለበት እኮ። ስሞቹ ብቻ ያሉበት፣ ዋጋቸው ባዶ የሆነ የምሳሌ ፋይል ጫን፤ እነሱ ቀድተው ይሙሉት።

ጥያቄ፦ ጭኜው ቢሆንስ?

መልስ፦ መሰረዝ ብቻውን አያድንህም፤ ጊት በሚይዘው የለውጦች ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ቡናህን አስቀምጥና የይለፍ ቃሉን አሁኑኑ ቀይር።