መልስ፦ ስለ «93 በመቶው የሰውነት ቋንቋ ነው»

ወንድሜ፣ «መግባባት 93 በመቶው በሰውነት ቋንቋ ነው ይባላል፤ ታዲያ ቃል ዋጋ የለውም?» ላልከው፦ በጣም አለው! ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። ቃል 7 በመቶ፣ የድምፅ ቃና 38 በመቶ፣ ፊት 55 በመቶ፤ ቃናና ፊት ሲደመሩ 93። ግን የሚመለከተው ስሜትን ብቻ ነው፤ ያውም ቃሉና ፊቱ ሲጋጩ።

ጣና ዳር ቆመህ «የዘጌ ጀልባ ስንት ሰዓት ይነሳል?» ብትል መልሱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። ጓደኛህ አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነኝ» ካለህ ግን ፊቱን እመን። አጠገቡም ቁጭ በል።

«ዓይን ዓይኑን እያየህ አውራ» የሚለውን የውጭ ምክር ደግሞ እንዳለ አትውሰደው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። ባሕር ዳር ለአንድ አባት እጅህን ስትዘረጋ ቀኝ ክንድህን በግራህ ደገፍ አድርግ። ምንም ሳትናገር ይገባቸዋል።