ደም ከመቀዳቱ በፊት ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራ ወረቀቱን) አሳዪያቸው

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ሲወለድ ጀምሮ የልብ ችግር አለበት፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ መንጋጋ ጥርሱን ሊያስነቅል ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ወርዶ «ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ አይኤንአሩ 2.3 ነው» ተብሎ ተመለሰ። (አይኤንአር ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው።) የደም ማቅጠኛ መድኃኒትም አይወስድም ብለሻል። ይሄ የእኔ ታናሽ እህት ታሪክ ነው። የእሷ 2.1 ነበር፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። እኔን አምስት ሳምንትና ሁለት ሙክት አስወጥቶኛል፤ አንቺ በአንድ ጠዋት ጨርሺው።

1ኛ. የሲቢሲ ወረቀቱን አውጪና ሄማቶክሪት የሚለውን እዪ፤ ከደሙ ስንት በመቶው ቀይ ሴል እንደሆነ የሚያሳይ ነው። ከ55 በላይ ከሆነ በተለመደው መንገድ የተሠራው የመርጋት ምርመራ አያስተማምንም። የእህቴ 64 ነበር። ወረቀቱ የት ነበር ብትዪኝ፣ እኔው ቦርሳ ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ከአውቶቡስ ትኬት ጋር። አምስት ሳምንት ይዤው ስዞር ለማንም አላሳየሁም፤ የጠየቀኝም የለማ! ሐኪሙ የሚያየው የመርጋቱን ወረቀት ነው፣ ላቦራቶሪው የሚያየው ቱቦውን ነው።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። ደሙ የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ውስጡ ደሙን እንዳይረጋ የሚይዝ ሲትሬት የሚሉት ፈሳሽ አስቀድሞ ተመጥኖ ተቀምጧል፤ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ። 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ለሚወስደው ቱቦ 0.3 ማለት ነው። ችግሩ፣ ሲትሬቱ የሚሠራው በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ላይ ነው፣ በቀይ የደም ሴሉ ላይ አይደለም። የሌላው ሰው ደም ከግማሽ በላይ ፕላዝማ ነው፤ የእህቴ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም፣ ሌላው ቀይ ሴል ነው። ስለዚህ ሲትሬቱ ይተርፋል። ምርመራው ላይ ደሙን ለማርጋት የሚጨመረውን ካልሲየም የተረፈው ሲትሬት ይይዝበታል፣ መርጋቱ ይዘገያል፣ ወረቀቱ ላይ «ረዘመ» ተብሎ ይወጣል። ለሙሉ ድስት የተመጠነ ጨው ግማሽ ድስት ወጥ ላይ እንደመድፋት ነው።

2ኛ. «ድገሙልን» ብቻ አትበዪ። እኔ ሦስት ቦታ አስደገምኩ፦ 2.1፣ 2.2፣ 2.1። ሦስቱም ሲስማሙ እውነት ነው ብዬ አመንኩ፤ ለካ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቱቦ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሠሩት። በዚያ ላይ ቫይታሚን ኬ ተወጋች፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ፕላዝማ ይሰጣት ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄድን፣ አልጋ ይዘን አደርን። የልብ ክትትሏ ላይ ሁልጊዜ «ደሟ ወፍራም ነው» ነው የሚሉን። እናም አንዱ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ በመስኮቱ አጎንብሼ ውስጥ የተቀመጠውን ሠራተኛ «ወፍራም ከሆነ እንዴት አይረጋም ይባላል?» አልኩት። «ሐኪሙ አንተ ነህ? ቀጣይ!» አለና ወረቀቱን ገፋልኝ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ጥያቄው ልክ ነበር እኮ! አሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጠየቀውና ነው።

መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ክንዷን ልታስር ስትል የእህቴን የጣት ጫፎች አየች፤ እንደ ከበሮ መምቻ ያበጡ ናቸው። «ሲቢሲ አላት?» አለች። ያን የታጠፈ ወረቀት ሰጠኋት። የመጠየቂያው ጀርባ ላይ ደመረች ቀነሰች፣ በቀጭን ሲሪንጅ ከቱቦው ሲትሬት መጥጣ 0.18 ያህል ብቻ አስቀረች፣ ከዚያ ቀዳች። ውጤቱ 1.2።

3ኛ. ቱቦው እስከ ምልክቱ መሙላቱን በዓይንሽ እዪ። የእነዚህ ልጆች ደም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ቸኩለው ካወጡት ያው «ረዘመ» ይወጣል። በጣት ደም በሚሠራው ትንሽ ማሽንም ላሠራው ብትዪ፣ ብዙዎቹ ከ55 በላይ ላለ ሄማቶክሪት አይሆኑም።

«ሄማቶክሪቱ ከፍ ያለው ደጋ ስለሆነ ነው» የሚልሽ ጎረቤት አይጠፋም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ናት፣ እኛ ሁላችን እዚያው ነን፤ ከፍታው ብቻውን ሰውን 64 አያደርስም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቁጥሩ ተስተካከለ ማለት ጨርሶ አይደማም ማለት አይደለም። የእንደዚህ ዓይነት ልጆች ፕላትሌት (ደም እንዲቆም የሚረዱት ጥቃቅን ሴሎች) ሊያንስ ስለሚችል ሐኪሙ እሱንም ይየው። ከመነቀሉ በፊት የሚወሰድ አንቲባዮቲክም አለ፣ ለልቡ ሲባል፣ እንዳይረሳ። እህቴ ሐሙስ ተነቀለች፤ ጥጥ ነክሳ ጋቢ ተከናንባ መናኸሪያ ተቀምጣ ሳለ ደሙ ቆመ።

ሰማያዊውን ቱቦ ማዘጋጀት ያለባቸው ከመቅዳታቸው በፊት ነው፣ ከተቀዳ በኋላ ብትነግሪያቸው እንደገና መወጋቱ ነው። ስለዚህ ክንዱ ሳይታሰር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና «ሄማቶክሪቱ ከፍተኛ ነው፣ ሲትሬቱን ቀንሱልን» በያቸው። ሁሉም ቦታ አይሠሩትም፤ መኪና ከመሳፈርሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።