ፋብሪካ ጨርሶት የወጣ ቺፕ እንዴት ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ባህር ዳር የ4ኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ ሰርኪዩቱ እንደገና ይቀየራል ሲሉ እሰማለሁ፣ ተሠርቶ ያለቀ ነገር እንዴት ነው የሚቀየረው? ይሄን ያህል ጎበዝ ከሆነስ ለምን የላፕቶፕ ፕሮሰሰርን አልተካም? ቦርድ መግዣ የለኝም፣ ልማረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ተማረው ወንድሜ፣ ቦርዱ አያሳስብህ እመጣበታለሁ። ሽቦው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ የሚቀየረው ሚሞሪ ነው። ውስጡ በጣም ብዙ ትንንሽ ሰንጠረዦች አሉ፣ አንዱን ብቻ እንየው፦ 4 ኢንፑት ካለው 16 ቢት ይይዛል፣ ኢንፑቱ እንዲህ ሲሆን መልሱ ይሄ ነው ተብሎ እዛ ተጽፏል። የመጨረሻዋን ቢት 1 አርገህ ሌላውን በሙሉ 0 ካረግከው ኤንድ ጌት (ሁሉም ኢንፑት 1 ሲሆን ብቻ 1 የሚያወጣ) ነው፣ የመጀመሪያዋን 0 ሌላውን በሙሉ 1 ካረግከው ደሞ ያው ሰንጠረዥ ኦር ጌት (አንዱ ኢንፑት እንኳ 1 ከሆነ 1 የሚያወጣ) ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰንጠረዦቹን የሚያገናኙት መስመሮችም በሚሞሪ ቢት ነው የሚከፈቱት የሚዘጉት፣ ስለዚህ ሌላ ፋይል ስትጭንበት ሌላ ሰርኪዩት ሆነ ማለት ነው። ዛይሊንክስ የሚባለው ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ኤፍፒጂኤ እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች የያዘ 64 ብሎክ ብቻ ነበረው፣ ዛሬ ያሉት ትልልቆቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰንጠረዦች አሏቸው።

ፕሮሰሰርን ያልተካው ለምን መሰለህ፣ ይሄ ሁሉ መቀያየሪያ ቦታ ይበላል ፍጥነትም ይቀንሳል፣ ፕሮሰሰር በጊጋኸርዝ ሲሮጥ ኤፍፒጂኤ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች ሜጋኸርዝ ነው፣ ትልቅ ዲዛይን ኮምፓይል ማድረግ (ቺፑ ላይ ወደሚጫን ፋይል መቀየር) ደሞ ሰዓታት ይፈጃል። ኮምፒውተር ሁሉ እንደሥራው ቅርጹን ይቀያይራል የሚለው ተስፋ ለኔ የተጋነነ ነው። ግን ዳታ ሳያቋርጥ የሚፈስበትና ብዙ ነገር ባንዴ መሠራት ያለበት ቦታ ላይ የሚደርስበት የለም! ማይክሮሶፍት በ2014 በ1,632 ሰርቨሮች ላይ ሞክሮት የቢንግ ፍለጋ ውጤትን በደረጃ የሚያስቀምጠው ክፍል በአንድ ሰርቨር የሚጨርሰው ሥራ 95 በመቶ ጨምሯል። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ግን ፐርሲቪራንስ የሚባለው የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ ነው፣ 2021 ማርስ ላይ ሲያርፍ የካሜራውን ምስል ከካርታ ጋር ያስተያየለት ኤፍፒጂኤ ካረፈ በኋላ እንደገና ተጭኖበት መንዳት ላይ ነው የዋለው፣ ማን እዛ ሄዶ ቺፕ ይቀይራል?

ሥራው የማይለወጥና በብዛት የሚመረት ከሆነ ግን ኤሲክ (ለአንድ ሥራ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ቺፕ) ያሸንፈዋል፣ ቢትኮይን ማይን የሚያረጉትም በ2011 አካባቢ ኤፍፒጂኤ ጀምረው 2013 ላይ ኤሲክ ሲመጣ ጥለውት ሄደዋል።

ወደ ቦርዱ ስንመጣ፣ ኢካረስ ቬሪሎግ (ዲዛይንህን ሲሙሌት የሚያረግ) እና ጂቲኬዌቭ (ሲግናሉን የሚያሳይ) የሚባሉት ፕሮግራሞች ነጻ ናቸው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ፣ ዲዛይንህን ሲሙሌት አርገህ ሲግናሉን ክሎክ በክሎክ ታየዋለህ። ፕሮግራሚንግ የለመደ ሰው የሚቸገረው ቬሪሎግን፣ ማለትም ሰርኪዩት የሚገለጽበትን ቋንቋ፣ ከላይ ወደ ታች በተራ የሚሠራ ኮድ አርጎ ስለሚያየው ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰርኪዩቱን ወረቀት ላይ ሳለው ከዛ ጻፈው። በካውንተር (ክሎኩን በሚቆጥር ሰርኪዩት) ጀምር፣ ቀጥሎ ዩአርት (ዳታ ቢት በቢት የሚልክና የሚቀበል ሰርኪዩት) ሞክር፣ እሱ ሲሙሌሽን ላይ ከሠራልህ ያኔ የዲፓርትመንታችሁን ላብ ቦርድ ጠይቅ።