2147483647 አካፋይ እንደሌለው እንዴት ታወቀ?

ጥያቄ፦ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየተማርኩ ነው። «ኢንት» በሚባለው የሙሉ ቁጥር መያዣ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው ተባልን። እውነትም 1 ስደምርበት ተገልብጦ ኔጋቲቭ 2147483648 ይሆናል። ጓደኛዬ ደግሞ ቁጥሩ ፕራይም ነው ይለኛል። ይህን የሚያህል ቁጥር አካፋይ እንደሌለው በምን ይታወቃል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ገደቡ የመጣው ኢንት 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዙ ቦታዎች) ስለሆነ ነው። አንዱ ቢት ለምልክት ይያዛል፣ የቀሩት 31 ሁሉም 1 ሲሆኑ ቦታው ሞላ። 31 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ብትቀንስ የሚመጣውም እሱ ነው።

ደስ የሚለው ክፍል ማረጋገጫው ነው። 46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ስለሚበልጥ፣ አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከዚያ በታች ይገኛል። እስከዚያ ድረስ ግን ከ4700 በላይ ፕራይሞች አሉ፣ እነሱን አንድ በአንድ በእጅ መሞከር ደግሞ ወገብ ይቆርጣል።

እስቲ ትንሹን እንይ። 11 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ስትቀንስ 2047 ይመጣል። ፕራይም ይመስላል፣ ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው። አሁን 23ንም 89ንም ለ22 አካፍላቸው፤ ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የተባዙት ሁለቶች ብዛት ከ2 የሚበልጥ ፕራይም ከሆነ፣ የውጤቱ አካፋይ ሁሉ ለዚያ ብዛት እጥፍ ሲካፈል 1 መተው አለበት። ለእኛ ቁጥር እጥፉ 62 ነው። በዚያ ላይ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ መሆን አለበት። ሁለቱን ሕጎች ስታጋጥማቸው እስከ 46341 የሚተርፉህ ቢበዛ 373 ቁጥሮች ናቸው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው። 6905092 ጊዜ ይደርስና 35 ይተርፋል። ወደቀ፣ ቀጣይ!

ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቁጥሩ ፕራይም መሆኑን ያሳወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ያኔ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የስሌቱ ብዛት ሳይሆን ስንቱን ስሌት ሳይነካ እንዳስቀረው ነው።

ፕራይም መሆኑ ሌላም ነገር ይሰጣል። በ1073741824 አባዛው፤ 2305843008139952128 ይመጣል። ይህ ፍጹም ቁጥር ነው፣ ማለትም ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው እሱኑ ይሰጣሉ፣ ልክ 6 ከ1፣ 2 እና 3 እንደሚገኘው።

ፕሮግራመር ልትሆን ስለሆነ አንድ ቀን ልንገርህ። ከጥር 1 ቀን 1970 እንደ ፈረንጆች ጀምረው ሰከንድ በ32 ቢት የሚቆጥሩ ሲስተሞች እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሱት በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ሰዓታቸው ወደ ታኅሣሥ 1901 እንደ ፈረንጆች ይገለበጣል። ስለዚህ ጊዜን ኢንት ውስጥ አታስቀምጥ፤ ከኢንት የሚሰፋውን «ሎንግ» ተጠቀም።